ማንቸስተር፦ የከተማ ስም፣ የጨርቅም ስም

ለዛሬ የምናነበው ቃል ስድስት ፊደል አለው። ማ - ን - ቸ - ስ - ተ - ር። አንድ ላይ ሲነበብ ማንቸስተር። ልጆቻችሁ በሬዲዮ ኳስ ሲከታተሉ «ማንቸስተር አገባ!» ብለው ሲጮኹ ሰምታችሁ ይሆናል። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ የኳስ ቡድን ስም ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ማንቸስተር በእንግሊዝ አገር ያለ ከተማ ነው። ከ1900 ዓመት በፊት ገደማ የሮማ ወታደሮች እዚያ ምሽግ ሠሩ። «ቸስተር» የሚለው የስሙ ጭራ ከሮማውያን ቋንቋ የመጣ ነው፤ የጦር ሰፈር ማለት ነው። ይህ እንግዳ አይሁንባችሁ። የእኛም «ከተማ» የሚለው ቃል ድሮ ንጉሡ ከነሠራዊቱ የሚሰፍርበት ቦታ ማለት ነበር።

ታዲያ የሰፈር ስም እንዴት የጨርቅ ስም ሆነ? ከ200 ዓመት በፊት በማንቸስተርና በአካባቢው ጥጥ የሚፈትሉና የሚሸምኑ ፋብሪካዎች በዙ። እናቶች በእንዝርት ስንት ቀን የሚደክሙበትን መኪናው ባንድ ቀን ይጨርሰዋል። ጨርቁም በመርከብ ዓለምን አዳረሰ። በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ እስከ ዛሬ አንሶላና ፎጣ «ማንቸስተር» ይባላል። እዚያ ሰው ሱቅ ገብቶ «ማንቸስተር የት ነው?» ቢል አንሶላ ፈልጎ ነው እንጂ አገር ጠፍቶት አይደለም። በስዊድን ደግሞ ማንቸስተር ማለት ሌላ ጨርቅ ነው፤ እንደ እርሻ ትልም መስመር መስመር ያለው፣ ወፍራም፣ ለሱሪ የሚሆን።

እናንተ ገበሬዎች ግን አንድ ነገር ሳትጠይቁ አትቀሩም። ጥጡስ ከየት መጣ? የማንቸስተር አገር ብርድ ነው፤ ጥጥ አይበቅልበትም። አብዛኛው ጥጥ የሚመጣው ከአሜሪካ ደቡብ ነበር። እዚያ የሚዘሩት፣ የሚኮተኩቱትና የሚለቅሙት በባርነት የተያዙ ጥቁር ሰዎች ነበሩ። ጨርቁ ላይ የእነሱ ስም የለም። እኛም ገበያ ወጥተን «የዶርዜ ጋቢ» ስንል የምንጠራው ሸማኔውን ነው እኮ፤ ጥጡን ያመረተውን ገበሬ ማን ይጠራዋል?

በ1861 አሜሪካ ውስጥ ጦርነት ተነሣ (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የሰሜኑ መንግሥት የደቡቡን ወደቦች በመርከብ ዘጋ፤ የጥጡ መንገድ ተቋረጠ። የማንቸስተር አካባቢ ፋብሪካዎች ቆሙ፣ ሠራተኛው ጦሙን አደረ። ሁሉም አንድ ሐሳብ ነበረው ማለት አይደለም፤ «ወደቡ ይከፈትና ጥጡ ይምጣልን» ያለም ነበር። ሆኖም በ1862 የመጨረሻ ቀን የማንቸስተር ሠራተኞች አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበው ለፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ደብዳቤ ጻፉ። ባሪያዎችን ነፃ የማውጣቱን ሥራ ደገፉ። እየራባቸው ነው እንግዲህ! ሊንከንም በጥር 1863 መልስ ጻፈላቸው። ዛሬ ሐውልቱ ማንቸስተር መካከል ቆሟል፤ ከደብዳቤው የተወሰደ ቃልም ከሥሩ ተቀርጿል።

መልመጃ፦ ስድስቱን ፊደላት ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። ቀጥሎም ቤታችሁ ካለው ዕቃ በአገር ስም የሚጠራውን ፈልጋችሁ ስሙን ጻፉ። ከጎኑም ጥሬ ዕቃውን ማን እንዳመረተው ጨምሩበት።