አልታዘዝ ያለ የስቶቭ ቁልፍ፦ ካርቱም ላሉ ማእድ ቤቶች

የስቶቭ ወይም የኦቨን ቁልፎች መሥራት ሲያቆሙ ብዙ ጊዜ ቶሎ የሚሰጠው ፍርድ «ቦርዱ ተቃጥሏል» የሚል ነው። ቦርድ ውድ ነው፤ ካርቱም ላይ ደግሞ ፈልጎ ማግኘቱ ራሱ ሌላ ፈተና ነው። ስለዚህ ወደ ቦርዱ ከመድረሳችን በፊት ወጪ የሌላቸውን ምክንያቶች አንድ በአንድ እናጣራ። በዚህ ከተማ አቧራውና ወጣ ገባ የሚለው መብራት ብቻቸውን ቁልፍን ዝም ለማሰኘት ይበቃሉ።

መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን ያቋርጡ። ስቶቩ ሳይነካ ራሱ የሚጮህ ወይም ኦቨኑ ራሱ የሚሞቅ ከሆነ ማጥፊያውን ቁልፍ አይመኑት፤ ማጥፊያውም ያለው በዚያው በተበላሸው የቁልፍ ሰሌዳ ላይ ነው። ሶኬቱን ይንቀሉ። ገመዱ በቀጥታ ከግድግዳ ጋር የታሰረ ከሆነ ብሬከሩን ያውርዱ፤ የትኛው ብሬከር የስቶቩ እንደሆነ ካልተጻፈበት ዋናውን ያጥፉት። ምድጃው በጋዝ የሚሠራ ከሆነ የአንቡባውን (የጋዝ ሲሊንደሩን) ራስ ይዝጉ።

በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እህቶች ኤሌክትሪኩን ከማቋረጣቸው በፊት አንድ ነገር ያድርጉ፦ በስቶቩ ማሳያ መስኮት ላይ የሚታየውን ጽሑፍ ወይም ቁጥር በስልክ ፎቶ አንሥተው ለማዳም ያሳዩ። ስቶቭ ሲበላሽ ጥፋቱ መጀመሪያ የሚለጠፈው ማእድ ቤት ውስጥ ባለችው ሠራተኛ ላይ ነው፤ ይህ ደግሞ ልክ አይደለም። ፎቶው ብልሽቱ እንዴት እንደጀመረ ይመሰክራል። ከታች የሚመጡትን ጽዳትና የልጆች መቆለፊያ ፍተሻ ማንም ይችላል፤ ካቻቢቴ ማንሣት ግን ማዳም ሳታውቅ አይሁን።

ብልሽት የሚመስሉ፣ ግን ያልሆኑ ሁለት ነገሮች አሉ፤ ስቶቩ ራሱ የሚሞቅ ካልሆነ እነዚህን ለማየት መልሰው ይሰኩት። አንደኛው የልጆች መቆለፊያ ነው። የቁልፍ ምስል ወይም ከቁልፍ ጎን ትንሽ መብራት ከታየ ያንን ምልክት ለጥቂት ሰከንድ ተጭነው ይያዙት፤ በብዙ ሞዴሎች ሦስት ሰከንድ ይበቃል። ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ የብዙ አውሮፓ ሠራሽ ኦቨኖች ሰዓት ብልጭ ድርግም ይላል፤ ሰዓቱ እስኪሞላ ድረስም ኦቨኑ አይሞቅም። ሰዓቱን ሞልተው የእጅ ምልክቱን ካመጡ በኋላ ይሠራል። መብራት በቀን ደጋግሞ በሚጠፋበት ሰፈር ይህ በየቀኑ ሊያጋጥም ይችላል። ከሳዑዲ ተጭኖ የመጣ ስቶቭ ደግሞ ለ60 ሄርዝ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ሱዳን 50 ሄርዝ ናት። ሰዓቱን ከመስመሩ የሚቆጥር ዓይነት ከሆነ በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል። ይህ ከቁልፎቹ ጋር አይገናኝም፤ ለዚህ ብሎ ሰሌዳ መቀየር ገንዘብን መጣል ነው።

እነዚህን ካለፉ፣ ሶኬቱን ለአሥር ደቂቃ ያህል ነቅለው ይቆዩና መብራቱ ሲረጋ መልሰው ይሰኩት። ቦርዱ ግራ የተጋባው በመብራት መቆራረጥ ብቻ ከሆነ በዚህ ይድናል።

ቀጥሎ ጽዳት፤ ኤሌክትሪኩን እንደገና ያቋርጡ። ሃቡብ (የአቧራ ማዕበል) ካለፈ በኋላ ያለው አቧራ እንደ ዱቄት የላመ ነው፤ በተዘጋ መስኮት አልፎ ከሰሌዳው ጠርዝ ሥር ይገባል። የዘይት እንፋሎት ሲነካው ይጋገራል። በደረቅ ጨርቅ አይፈትጉት፤ አሸዋው መስታወቱን ይቧጭራል። መጀመሪያ በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ያራግፉ፣ ከዚያ በሳሙና ውኃ ነክረው አጥብቀው በጨመቁት ጨርቅ ይጥረጉ፣ በመጨረሻም በደንብ ያድርቁ። ፈሳሽ በቀጥታ ሰሌዳው ላይ አይርጩ። ጣት ሲነካቸው የሚሠሩት የመስታወት ቁልፎች የጣትን መኖር የሚያውቁት በኤሌክትሪክ ስሜት ስለሆነ፣ የፈሰሰ ሾርባ ወይም ቀጭን የውኃ ሽፋን እንደ ጣት ይቆጠርላቸዋል፤ እርጥብ እጅም እንዲሁ።

መልሰው ሲሰኩት አሁንም ካልሠራ፣ የትኞቹ ቁልፎች እንደሞቱ በወረቀት ላይ ይመዝግቡ። ከመመሪያው ሁሉ ይህን ክፍል አይዝለሉት እላለሁ፤ ቴክኒሻኑም ከዚህ የተሻለ መረጃ አያገኝም። የሚጫኑ የላስቲክ ቁልፎች ከሥራቸው በአግድምና በቁልቁል በተዘረጉ መስመሮች የተያያዙ ናቸው፤ እያንዳንዱ ቁልፍ አንድ አግድም መስመርን ከአንድ ቁልቁል መስመር ጋር ያገናኛል። አንድ ቁልፍ ብቻ ከሞተ፣ በብዛት እንደሚነካው እንደ ማስጀመሪያው፣ ያ ቁልፍ አልቋል ማለት ነው። 3፣ 6 እና 9 አንድ ላይ ከሞቱ ግን ሦስት ቁልፍ በአንድ ጊዜ አያረጅም፤ የሚጋሩት መስመር አንድ ቦታ ተቋርጧል፣ ብዙውን ጊዜም ወደ ቦርዱ በሚሄደው ጠፍጣፋ ገመድ ጫፍ ላይ። መስኮቱ እየበራ ሁሉም ቁልፍ ዝም ካለ መቆለፊያውን ደግመው ያዩና ያንኑ ገመድ ይጠርጥሩ። መስኮቱም ከጨለመ ጉዳዩ የቁልፍ ሳይሆን የኃይል ነው፦ ሶኬት፣ ብሬከር፣ ፊውዝ፣ ከዚያ ቦርድ።

ራሱ የሚጮህ ስቶቭ ደግሞ ብዙ ጊዜ ተጣብቆ የቀረ ቁልፍ አለው። አሜሪካ ሠራሾቹ ይህን በቁጥር ይናገራሉ፦ በብዙ የጄነራል ኤሌክትሪክ ሞዴሎች ኤፍ 7፣ በፍሪጂዴር ኤፍ 11፣ በዊርልፑል በኤፍ 2 የሚጀምር ጽሑፍ።

ጠፍጣፋውን ገመድ ለማየት ሰሌዳውን መክፈት ያስፈልጋል። ኤሌክትሪኩ መቋረጡን እንደገና ያረጋግጡና ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። እያንዳንዱን ሽቦ ከመንካትዎ በፊት ፎቶ ያንሡ። ገመዱን ከራሱ ከገመዱ አይጎትቱ፤ መሰኪያው ትንሽ መቆለፊያ ካለው ያንን አንሥተው ቀስ ብለው ያውጡት። ጫፉን ከፋርማሲ በተገዛ አልኮል በጥጥ ያጽዱ። ላጲስ የሚጠቀሙ አሉ፤ ጫፉ ጥቁር ከሆነ ግን ላጲስ ካርቦኑን ልጦ ገመዱን ይገድለዋልና አይሞክሩት። አልኮሉ ፈጽሞ ሳይደርቅ መብራትም ጋዝም አይክፈቱ።

ቴስተር ካለ መልሱ ቁርጥ ያለ ይሆናል። ገመዱ እንደተነቀለ፣ ኦም ላይ አድርገው የአንዱን ቁልፍ ሁለት መስመሮች ይለኩ፦ ሳይጫን ምንም ማሳየት የለበትም፣ ሲጫን ቁጥሩ ዝቅ ይላል። ሳይጫን ካሳየ ሰሌዳው ተገናኝቷል፤ ሲጫንም ካላሳየ ሰሌዳው ሞቷል። ሰሌዳው ጤነኛ ሆኖ ስቶቩ ካልታዘዘ ግን ያኔ ቦርዱ ይጠየቃል። ኤሌክትሪክ በርቶ ክፍት ቦርድ ላይ መለካት ለባለሙያ ብቻ የሚተው ሥራ ነው።

የመስታወት ቁልፎች ደግሞ ከቦርዳቸው ጋር አብረው የተሠሩ ስለሆኑ ለየብቻ አይለኩም። እነሱን የሚያስቸግራቸው ብዙ ጊዜ መስመሩ ነው። ሱዳን በስም 230 ቮልት ናት፤ ቮልቴጁ ከዚያ በብዙ ሲወርድ ወይም ሲዘል፣ ከትንሽ ጄነሬተር ሲመጣ፣ ወይም የምድር ሽቦ ሳይኖር ሲቀር ጣት ሳይነካቸው ሊጮሁ ይችላሉ። በከተማው መብራት የሚሠራ፣ በጄነሬተር ግን የሚያብድ ስቶቭ ጥገና አያስፈልገውም። ለፍሪጅ የተገዛ ስታቢላይዘር ላይ ኦቨን አይሰኩ፤ ኦቨን ሁለት፣ ሦስት ሺህ ዋት ይጎትታል፣ ስታቢላይዘሩ ይነዳል። ለአነስተኛ የሶላር ኢንቨርተርም እንዲሁ ነው።

ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳኑ ጦርነት ሲጀመር ጥለውት የወጡት ቤት ሆኖ አሁን እየተመለሱ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይለያል። ስቶቩን ለመሞከር ብለው አይሰኩት። በብዙ ሰፈሮች ሽቦ ከግድግዳ ተነቅሎ ተወስዷል፤ የምድር ሽቦው ወይም ኑትራሉ ላይኖር ይችላል። ኑትራል የተቋረጠበት ባለ ሦስት ፌዝ ቤት ውስጥ አንዱ ሶኬት ወደ 400 ቮልት ሊጠጋ ይችላል፤ ያ ደህና የነበረውን ቦርድ በቅጽበት ያቃጥላል። መጀመሪያ የቤቱን መስመር ባለሙያ ይለካ። ከዚያ የስቶቩን ጀርባ ከፍተው አይጥ የበላው ሽቦ፣ ጎጆ ወይም አቧራ ካለ ያጽዱ። የጋዙን ጎማ ሳያቅማሙ በአዲስ ይቀይሩ፤ ክብሪት ከመጫርዎ በፊት በሳሙና አረፋ መጋጠሚያዎቹን ይፈትሹ፣ አረፋው ከተነፋ ጋዝ ይወጣል።

ሰሌዳ ወይም ቦርድ መግዛት ግድ ከሆነ የሞዴሉን ቁጥር ሳይዙ ገበያ አይውጡ። ቁጥሩ የሚገኘው የኦቨኑ በር ሲከፈት በክፈፉ ላይ፣ ከታችኛው መሳቢያ ውስጥ ወይም ከጀርባ ነው። እሱን፣ የቦርዱን የራሱን ቁጥርና የገመዱን መሰኪያ ፎቶ ያንሡ። ወደ ኦምዱርማን ገበያ ወይም ወደ ሱቅ ሊቢያ ሲሄዱ አሮጌውን ዕቃ ይዘው ይሂዱና የመስመሮቹን ብዛት ጎን ለጎን ቆጥረው ያመሳክሩ፤ በመልክ የሚመሳሰሉ ሰሌዳዎች በመስመር ይለያያሉ። ሻጩ ካልሠራ እንደሚመልስልዎት ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት ይስማሙ።