አሠራርን የሚገልጽ ድርሰት፤ በደንገል ታንኳ ላይ ሆኖ ዓሣ ማጥመድ

አሠራርን የሚገልጽ ድርሰት አንባቢው ያላየውን ሥራ ደረጃ በደረጃ ያስረዳል። ብዙ ተማሪዎች ቅደም ተከተሉን አሟልተው ይጽፋሉ፤ ምክንያቱን ግን ይተዋሉ። ድርሰቱ ስለ እንጀራ አጋገር ከሆነ ይህ ጉድለት ቢበዛ ሊጥ ያበላሻል። ሥራው በውኃ ላይ ሲሆን ግን ሰው ያሰጥማል። የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ምንባብ

የጣና ሐይቅ ስፋት ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ጥልቀቱ ግን አነስተኛ ነው፤ እጅግ ጥልቅ በሚባለው ስፍራ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ እንደ አምባዛ ያለውን፣ ከወለሉ አካባቢ የሚመገበውን ዓሣ፣ ብዙም ባልረዘመ ክር ማጥመድ ይቻላል።

የደረቀ ደንገል በውስጡ አየር ስላለው ይንሳፈፋል፤ ውሎ ሲያድር ግን ውኃ እየጠጣ ይከብዳል። ባለታንኳውም እንዳይበሰብስበት ከሥራ በኋላ ወደ ዳር አውጥቶ ያደርቀዋል። ታንኳው ጠባብ ነውና ሚዛኑን የሚያሳጣው ማዕበል ብቻ አይደለም፤ የተሳፋሪው አቀማመጥም ነው። ሰው ቁጭ ሲል ክብደቱ ወደ ውኃው ይቀርባል፤ ሲቆም ግን ከፍ ስለሚል ትንሽ መዘንበል ይበቃዋል።

አጥማጁ መሐል ላይ ተቀምጦ፣ በገመድ የታሰረውን ድንጋይ እንደ መልሕቅ ከፊተኛው ጫፍ በኩል ይጥላል። ከጎን ቢጥለው ገመዱ ታንኳውን ወደዚያው ያዘነብለዋል፤ ማዕበሉም ጎኑን ይመታዋል። ከፊት ሲሆን ታንኳው ወደ ነፋሱ ዞሮ ማዕበሉን በጫፉ ይሰነጥቃል። ቀጥሎ ትል የተሰካበትን መንጠቆ ከእርሳስ ክብደት ጋር ይለቃል። ክሩ ሲላላ ክብደቱ ወለሉን ነክቷል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ መንጠቆው ጭቃ ውስጥ እንዳይቀበር አንድ ክንድ ያህል ይስበዋል።

አስቸጋሪው ነገር ዓሣው ሲያዝ ነው። አምባዛ ኃይለኛ ስለ ሆነ ክሩን ወደ ጎን ይጎትታል። አጥማጁ ዓሣውን ለማየት ወደዚያው ቢያጎነብስ የራሱን ክብደት በዓሣው ጉልበት ላይ ይጨምራል። ስለዚህ ወገቡን ቀጥ አድርጎ ክሩን ወደ ፊተኛው ጫፍ ያሻግራል። ክሩን በእጁ ላይ አይጠመጥምም። መንጠቆው በድንጋይ ቢያዝም ክሩን ይቆርጣል እንጂ ከሐይቁ ወለል ጋር አይታገልም፤ መንጠቆ ሌላ ይገዛል።

ሰዋስው

“እንድ” የሚለው ቃል “አይቀበርም” ከሚለው አሉታዊ ግሥ ጋር ሲጣመር የመጨረሻው “ም” ይወድቅና “እንዳይቀበር” ይሆናል። ይህ ቅርጽ እንዲደርስ የማይፈለገውን ነገር ያመለክታል። “ስለ” ግን አስቀድሞ ያለውን ምክንያት ይገልጻል። እነዚህን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ፦

አጥማጁ ቁጭ ይላል።
ታንኳው እንዳይገለበጥ አጥማጁ ቁጭ ይላል።

የመጀመሪያውን ያነበበ ሰው አንድ ትእዛዝ ብቻ ያውቃል። ሁለተኛውን ያነበበ ግን ያልተነገረውን ጭምር፣ ማለትም ጓዝን ከፍ አድርጎ መከመር እንደማይገባ፣ በራሱ ይደርስበታል።

መልመጃ

1. “ስለ” ምክንያትን የሚያመለክትባቸውን ዐረፍተ ነገሮች ከምንባቡ አውጥታችሁ ጻፉ።
2. አጥማጁ ክሩን በእጁ ላይ የማይጠመጥምበት ምክንያት በምንባቡ አልተጻፈም። “እንዳይ”ን በመጠቀም አሟሉት።
3. በአካባቢያችሁ የሚሠራ፣ አደጋ ያለበትን አንድ ሥራ መርጣችሁ አሠራሩን በአንድ ገጽ ግለጹ።