ሙቁን ዳርቻ የሚመግበው ቀዝቃዛ ውኃ
በባሃ ካሊፎርኒያ ጠረፍ የሸራ ጀልባ ጉዞና የባሕር እንስሳት

ባሃ ካሊፎርኒያ ከሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚዘረጋ፣ በሜክሲኮ ግዛት ውስጥ የሚገኝና ርዝመቱ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ልሳነ ምድር ነው። በየዓመቱ የብርቱ አውሎ ነፋስ ወራት በኅዳር ካበቁ በኋላ በርካታ የሸራ ጀልባዎች ከሳንዲያጎ ከተማ ተነሥተው በልሳነ ምድሩ ጫፍ ወደምትገኘው ካቦ ሳን ሉካስ ይወርዳሉ። ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ በታኅሣሥ መጨረሻ ጉዞ የጀመሩ አንድ ባልና ሚስትን በሐሳባችን እየተከተልን፣ በመንገዳቸው ላይ የሚያገኟቸው እንስሳት ስለ ምን በዚያ ሥፍራ እንደሚገኙ እንመረምራለን።

ነፋሱና ውኃው

ከሳንዲያጎ እስከ ካቦ ሳን ሉካስ ያለው የባሕር መንገድ 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጀልባዋ በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ብትጓዝና ባልና ሚስቱ ሌሊቱን በተራ እየነቁ ያለ ዕረፍት ቢቀጥሉ፣ ጉዞው 155 ሰዓት ወይም ስድስት ቀን ተኩል ገደማ ይፈጃል። በዚህ ጠረፍ የሚያይለው ነፋስ ከሰሜን ምዕራብ ስለሚነፍስ፣ ወደ ደቡብ የሚወርድ ጀልባ ነፋሱን ከኋላው ያገኛል።

ይኸው ነፋስ ሌላም ሥራ አለው። ኖርዌያዊው አሳሽ ፍሪድትዮፍ ናንሰን እ.ኤ.አ. ከ1893 እስከ 1896 ፍራም በተባለችው መርከብ በሰሜን ዋልታ ባሕር ሲጓዝ፣ ተንሳፋፊው በረዶ በነፋሱ አቅጣጫ በቀጥታ ሳይሆን ወደ ቀኝ ዘንበል ብሎ እንደሚጓዝ አስተዋለ። ስዊድናዊው ዋልፍሪድ ኤክማን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1905 ባሳተመው ጥናት ምክንያቱን በሒሳብ አስረዳ። ምድር በዛቢያዋ ስለምትሽከረከር፣ በሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ ነፋስ የሚገፋው የላይኛው የባሕር ውኃ በጠቅላላው ከነፋሱ አቅጣጫ በስተቀኝ፣ በ90 ዲግሪ ይጓዛል።

ባልና ሚስቱ ፊታቸውን ወደ ደቡብ ምሥራቅ አድርገው ሲጓዙ የብሱ በግራቸው፣ ሰፊው ውቅያኖስ በቀኛቸው ነው። ስለዚህ ነፋሱ የላይኛውን ውኃ ከዳርቻው እያራቀ ወደ ውቅያኖሱ ይነዳዋል። በተለቀቀውም ቦታ ከጥልቁ ቀዝቃዛ ውኃ ሽቅብ ይወጣል። ይህ ሂደት በባሃ ካሊፎርኒያ ዓመቱን ሙሉ ሲኖር በጸደይ ወራት ይበረታል።

ተመሳሳይ ክስተት በአካባቢያችንም አለ። በክረምታችን ወራት ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስ የሶማሊያን ጠረፍ በግራው አድርጎ ሲያልፍ ቀዝቃዛውን የጥልቅ ውኃ ወደ ላይ ያወጣል። በበጋ ነፋሱ አቅጣጫውን ለውጦ ከሰሜን ምሥራቅ ሲነፍስ በዚያ ጠረፍ ምን ሊሆን እንደሚችል፣ አንባቢ ከላይ በተገለጸው ሕግ ተመርቶ ሊያሰላው ይችላል።

የማዕዱ ተካፋዮች

ከጥልቁ የሚወጣው ውኃ በናይትሬትና በፎስፌት የበለጸገ ነው። ገበሬ ለማሳው ማዳበሪያ የሚያደርጋቸው እነዚህ ንጥረ ነገሮች የፀሐይ ብርሃን ወደሚያገኙበት ንብርብር ሲደርሱ፣ ፋይቶፕላንክተን የተባሉት ደቂቅ ሕያዋን በብዛት ይራባሉ። እነርሱን ጥቃቅን እንስሳት፣ ጥቃቅኖቹን እንስሳት ሰርዲንን የመሰሉ ዓሦች ይመገባሉ። ሰርዲኑን ተከትለው የባሕር አንበሶች፣ ዶልፊኖችና የባሕር ወፎች ይመጣሉ። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን የምናውቀው ነጭ ፔሊካን እየዋኘ ሲያጠምድ፣ የዚህ ጠረፍ ቡናማ ፔሊካን ግን ከአየር ላይ ተወርውሮ ወደ ውኃው ይጠልቃል።

ሌሊት በጀልባዋ አፍንጫ ፊት የሚዋኙ ዶልፊኖች አንዳንድ ጊዜ በሰማያዊ ብርሃን ተከበው ይታያሉ። ብርሃኑ የዶልፊኖቹ አይደለም። ዳይኖፍላጀሌት የተባሉ ባለ አንድ ሕዋስ ሕያዋን ውኃው ሲናወጥ ሉሲፈሪን የተባለውን ውሕድ ከኦክስጅን ጋር በማዋሐድ የሚያመነጩት ነው።

በረሃብ ወደ ደቡብ የሚጓዘው

በዚህ ማዕድ እምብዛም የማይቋደስ አንድ ታላቅ እንግዳ አለ፤ እርሱም ግራጫ ዓሣ ነባሪ ነው። ርዝመቱ ከ12 እስከ 14 ሜትር የሚደርሰው ይህ አጥቢ እንስሳ የበጋውን ወራት በቤሪንግና በቹክቺ ባሕሮች፣ ከባሕር ወለል ላይ ጥቃቅን እንስሳትን እየለቀመ ያሳልፋል። በክረምት ወደ ባሃ ካሊፎርኒያ ሐይቅ መሰል የባሕር ሰርጦች ይወርዳል። የደርሶ መልስ ጉዞው ከ16,000 እስከ 20,000 ኪሎ ሜትር ይገመታል። ወደ ደቡብ ሲወርድ ፍጥነቱ በሰዓት ከ7 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ባልና ሚስቱ ትንፋሹን እያዩ ለረጅም ሰዓት ጎን ለጎን ሊጓዙ ይችላሉ። በእነዚህ ወራት እንስሳው የሚኖረው በአብዛኛው ባከማቸው ስብ ነው። እናቲቱም ግማሽ ያህሉ ስብ የሆነ ወተት ለግልገሏ የምታጠባው ከዚሁ ስንቅ ነው።

አሜሪካዊው የዓሣ ነባሪ አዳኝ ካፒቴን ቻርልስ ስካሞን እ.ኤ.አ. በ1857 ኦሆ ዴ ሊየብሬ ወደተባለው ሰርጥ ከገባ ወዲህ፣ እናቶችና ግልገሎች በመውለጃ ሥፍራቸው ተጨፈጨፉ። እ.ኤ.አ. በ1946 የተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት ጥበቃ ካደረገላቸው በኋላ ቁጥራቸው አገገመ። እ.ኤ.አ. በ1972 ፓቺኮ ማዮራል የተባለ ዓሣ አጥማጅ በሳን ኢግናሲዮ ሰርጥ ሳለ አንድ ዓሣ ነባሪ ወደ ጀልባው ቀርቦ በእጁ ዳሰሰው። ዛሬ ጎብኝዎች በዚያ ሰርጥ እንስሳቱን የሚያዩት ፈቃድ ካላቸው የአካባቢው ጀልበኞች ጋር ነው።

ይሁን እንጂ ከአዳኝ ጦር የዳነው እንስሳ ሌላ አደጋ ገጥሞታል። እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ 27,000 ይገመት የነበረው የምሥራቅ ፓስፊክ ግራጫ ዓሣ ነባሪ እ.ኤ.አ. በ2025 ወደ 13,000 ዝቅ ብሏል። በዚያው ዓመት ከእናቶቻቸው ጋር ወደ ሰሜን የተመለሱት ግልገሎች 85 ያህል ብቻ እንደሆኑ ተገምቷል። ተመራማሪዎች ጉዳዩን በአርክቲክ ከሚታየው የምግብ እጥረት ጋር ያያይዙታል። ከባሕሩ በረዶ ሥር የሚበቅለው አልጌ ወደ ወለሉ ሰጥሞ ዓሣ ነባሪው የሚበላቸውን እንስሳት ይመግብ ነበርና፣ የበረዶው መቀነስ የምግብ ሰንሰለቱን ከሥሩ ያናጋዋል።

እንግዲህ ተጓዦቹ በባሃ ካሊፎርኒያ የሚያዩት ነገር ሁሉ መነሻው ሌላ ሥፍራ ነው። የፔሊካኑ ምግብ የሚመጣው ብርሃን ከማይደርስበት ጥልቅ ነው፤ የግልገሉም ወተት የሚሰናዳው በሺህዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ባለ የበረዶ ባሕር ነው። ባልና ሚስቱ ፍጥነታቸውን ቢቀንሱና በእናትና በግልገል መካከል ባይገቡ የድርሻቸውን ይወጣሉ። የሰርጦቹ ጥበቃ የተወለደውን ግልገል ከአዳኝ ያድነዋል፤ እናቲቱ ይዛው የምትመጣውን ስንቅ ግን ሊተካ አይችልም።