ጸሎትና ፍሬን

ከጎንደር በአዘዞና በጠዳ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ የሚመላለሱ ብዙ ነጂዎች፥ ሞተር ሲያስነሡ ያማትባሉ፤ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲያልፉም ይሳለማሉ። ይህ የተመሰገነ ልማድ ነው። ነገር ግን ያማተበች እጅ ፍሬኑን ሳትመረምር ብትቀር፥ ይህን እምነት እንበለውን?

ጌታችን ከመቅደስ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር በተፈተነ ጊዜ፥ አምላክን መፈታተን እንደማይገባ አስተማረን (ማቴ. 4፥7)። ነህምያም ቅጥሩን ሲያሠራ ጸለየ፤ ዘበኛም አቆመ።

ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ በዚያ ውሃ በክፍት ዕቃ ሲጣድ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፥ በ93 ገደማ ይፈላል፤ እንግዲህ ዳገት ሳይጀመር የራዲያተሩን ውሃ ማየት ይገባል። በረጅም ቁልቁለትም ፍሬን ያለ ዕረፍት ቢረገጥ ግሎ ይደክማልና፥ በከባድ ማርሽ መውረድ ያስፈልጋል። ይህን ማስተዋል የሰጠ እግዚአብሔር ነው፤ የተሳፈሩትም ነፍሳት የእርሱ አደራ ናቸው።

ተጠንቅቀን ሳለን መኪናው ከመንገድ ቢቆም ግን፥ ያን ጊዜ ጸሎት ከቍጣ ይጠብቀናል፤ የረዳንንም መንገደኛ እንድናመሰግን ያስተምረናል። ቤተ ክርስቲያናችን በቅዳሴዋ ስለ መንገደኞች ትለምናለች፤ እኛም በትጋታችን አሜን እንበል።