የማድ ቤት መደብ

ዝናቡ አልፎ አዝመራው ሲሰበሰብ በየመንደሩ ቤት ማደስ ይጀመራል። የተሰነጠቀው ግድግዳ ይመረጋል። የሚያፈሰው ጣሪያ ይከደናል። የወለቀው በር ይጠገናል። ማድ ቤቱ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። «ለጭስ ቤት ምን ያስጨንቃል?» እንላለን። ነገር ግን ቤተሰቡ በሙሉ የሚበላው ምግብ የሚዘጋጀው እዚያው ጭስ ቤት ውስጥ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ስለ ማድ ቤት መደብ እንማራለን። መደብ ስንል የመቀመጫውን ወይም የመኝታውን ማለታችን አይደለም። ሽንኩርት የሚከተፍበትን፣ ድስትና ጣሳ የሚቀመጥበትን ከፍ ያለ የሥራ ቦታ ማለታችን ነው።

መደብ ለምን ያስፈልጋል?

መደብ በሌለበት ማድ ቤት ሥራው ሁሉ መሬት ላይ ነው። ድስቱ መሬት ላይ ይቀመጣል። ዶሮ ይረማመድበታል። ድመት ትልሰዋለች። የሚድኸው ሕፃን እጁን ይከትበታል። ሴቲቱም ከጠዋት እስከ ማታ እንዳጎነበሰች ትውላለች። ማታ ላይ «ወይኔ ወገቤን!» ስትል እንሰማለን። ይህ ሕመም እኮ ከሰማይ አልወረደም። ጎንበስ ቀና ከማለት ብዛት የመጣ ነው።

መደብ ያለንም ብንሆን ሁልጊዜ አልተጠቀምንበትም። መደቡ ተሰነጣጥቆ የበረሮ ቤት ሆኗል። በላዩም የማይከመር ነገር የለም። ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ዕቃውን ማውጣትና መለየት

እድሳቱ ከመጀመሩ በፊት በማድ ቤት ያለውን ዕቃ ሁሉ ወደ ደጅ እናውጣ። ፀሐይ ላይ ዘርግተን በሦስት እንክፈለው።

በየቀኑ የምንሠራበት ዕቃ አንድ ላይ ይሁን። ድስት፣ ማማሰያ፣ ቢላዋ፣ የጨውና የበርበሬ ዕቃ ከዚህ ይመደባሉ። ወደ መደቡ የሚመለሱት እነዚህ ብቻ ናቸው።

ለድግስ ጊዜ ብቻ የሚፈለገው ዕቃ ለብቻው ይሁን። ትልልቁ ድስትና ትርፉ ሰፌድ ግድግዳ ላይ ይሰቀል ወይም ቆጥ ላይ ይውጣ። የተሰበረውና የማይጠገነው ይጣል።

ከማድ ቤት ጨርሶ መውጣት ያለበት ደግሞ ሦስተኛው ነው። የተባይ መርዝ፣ የአይጥ መርዝ፣ በመድኃኒት የታሸ ዘርና ላምባ ከምግብ አጠገብ መቀመጥ የለባቸውም። የመርዝ ዱቄት ከምግብ ዱቄት ጋር ይመሳሰላል። ላምባም በጠርሙስ ሲቀመጥ ለሕፃን ውኃ ይመስለዋል። እነዚህን ሁሉ ልጅ በማይደርስበትና በሚቆለፍ ቦታ እናስቀምጥ። በጠላ ወይም በዘይት ጠርሙስ አንገልብጣቸው።

የመርዝ ጣሳና ጀሪካን ባዶ ቢሆንም ለውኃ ወይም ለዘይት አይሆንም። አጥበነዋል ብንልም መርዙ ጨርሶ አይለቅም። ሌላ ሰው እንዳይጠቀምበት በስተን እናበላሸው። ልጅ መርዝ ወይም ላምባ ቢጠጣ እንዲያስመልሰው አንሞክር። የጠጣበትን ዕቃ ይዘን ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው።

ሁለተኛ፣ አዲስ መደብ መሥራት

መደቡን የሚገነባው ወንዱ ሊሆን ይችላል። ቆማ የምትሠራበት ግን ሴቲቱ ናት። ስለዚህ ልኩ ከእሷ ይወሰድ። ቀጥ ብላ ትቁምና ክንዷን ትጠፍ። የመደቡ ከፍታ ከክርኗ ግማሽ ስንዝር ያህል ዝቅ ይበል። እንዲህ ከሆነ አታጎነብስም።

ቦታው ከእሳቱ ራቅ ብሎ በመስኮቱ በኩል ይሁን። መስኮት ከሌለ በእድሳቱ ጊዜ እናውጣለት። ጭስ ዓይን ከማስለቀስ የከፋ ጉዳት አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት፣ በቤት ውስጥ የምግብ ማብሰያ ጭስ ሳቢያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል።

የመደቡ እግር ከድንጋይና ከጭቃ ይሠራል። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ በደንብ ይረገጥ። ጭድ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል። በላዩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይነጠፋል። ሲሚንቶ ካለን ደግሞ በሊሾ እንጨርሰዋለን። አሠራሩ እንዲህ ነው።

1. አንድ ጣሳ ሲሚንቶ ከሦስት ጣሳ ንጹሕ አሸዋ ጋር ይደባለቅ። አፈር የበዛበት አሸዋ አይሆንም። እርጥበት አግኝቶ የጓጎለ ሲሚንቶም አይያዝም።
2. ውኃው ጥቂት በጥቂት ይጨመር። ውኃ የበዛበት ሊሾ ደካማ ይሆናል።
3. ሁለት ጣት ያህል ውፍረት ይኑረው። ውኃ እንዲወርድ ወደ አንድ ጎን ትንሽ ዘንበል ይበል።
4. በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ለ7 ቀን ውኃ ይጠጣ። ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል።

ሲሚንቶ ቆዳ ይበላልና በባዶ እጅ አንደባልቀው። ከነካንም ወዲያው በውኃ እንታጠብ።

ሲሚንቶ የመግዣ ገንዘብ ባይኖረንስ? ከፈረሰው ቤት የተረፈ ደህና ሳንቃ በድንጋዩ ላይ ይጋደም። ምስጥ እንዳይበላው ሳንቃው መሬት አይንካ። እሱም ከታጣ የጭቃ መደብ ይበቃል። ነገር ግን ምግብ ጭቃው ላይ አይከተፍ። ንጹሕ መክተፊያ ይደረግበት። ምግብ የሚነካውን ቦታ በእበት አንለቅልቅ። እበት በሽታ የሚያመጡ ተሕዋስያን አሉበት።

ሦስተኛ፣ መደቡን መጠበቅ

መደቡ ሥራ ባለቀ ቁጥር በውኃና በሳሙና ይታጠብ። ጥሬ ዶሮ የተበለተበት ቦታ ሳይታጠብ ቃሪያም ሆነ ቲማቲም አይከተፍበት። ሎሚና ቲማቲም ሊሾን ስለሚበሉት ሲፈስ ቶሎ ይጠረግ። ከእሳት የወረደ ድስት በሊሾው ላይ በቀጥታ አይቀመጥ፤ ከሥሩ ማቶት ወይም እንጨት ይደረግለት። ልጅ ጎትቶ እንዳያፈሰው ድስቱ ወደ ግድግዳው ይጠጋ።

ስንጥቅ ስናይ ዛሬ ነገ አንበል። ቆሻሻውን ከስንጥቁ አውጥተን፣ በውኃ አርሰን እንድፈነው። ትንሿን ስንጥቅ ለመድፈን አንድ እፍኝ ጭቃ ይበቃል። ከተውናት ግን መደቡን በሙሉ ታስፈርሳለች። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው።

አዲሱ መደብ በወሩ እንደ አሮጌው ዕቃ ከተከመረበት ድካማችን ከንቱ ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ አንድ ጊዜ እንየው። የዚያን ሳምንት ያልሠራንበት ዕቃ ካለ ቦታው ሌላ ነው። ይህም የሴት ብቻ ሥራ አይደለም። ከመደቡ የሚበላ ሁሉ መደቡን ያጽዳ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቤታችሁ መርዝና ላምባ የሚቀመጡት የት ነው? ልጅ ይደርስባቸዋል?
2. የመደብ ከፍታ ከማን ይለካል? ለምን?
3. ሊሾ ለ7 ቀን ውኃ የሚጠጣው ለምንድን ነው?
4. ዛሬ ከማድ ቤታችሁ የምታወጡትን ሦስት ዕቃ በደብተራችሁ ጻፉ።