ለወይኑ ስንት ውሃ ይበቃዋል?



ባለፈው ማባዛትና ማካፈልን አጥንተናል። ዛሬ ያንኑ ሒሳብ ይዘን ወደ ወይን ማሳ እንውረድ። ብዙ ሰው ቦዩን የሚከፍተው በዓይን ግምት ነው። ውሃ ሲበዛ ግን ሥሩ አየር ያጣል፤ ወይኑም ቅጠል ብቻ ያበዛል። የሚባክነውም ውሃ የጎረቤት ነው። ስለዚህ እንለካ።

1ኛ/ ወይኑ በቀን ስንት ይጠጣል?
እንደ ዝዋይ ባለ ሞቃት አገር፣ ለምለም ሣር የለበሰ መሬት በደረቅ ቀን 5 ሚሊሜትር ውሃ ይጨርሳል እንበል። 1 ሚሊሜትር ማለት በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። ወይን ከሣሩ ያነሰ ይጠጣል፦ ሲያቆጠቁጥ የሣሩን 0.3፣ ቅጠሉ ሲሞላ 0.7፣ በለቀማ ጊዜ 0.45 ያህል። ቅጠሉ ሲሞላ፣ 5 × 0.7 = 3.5 ሊትር በካሬ ሜትር ማለት ነው።

2ኛ/ ማሳው ስንት ይፈልጋል?
ሩብ ሄክታር 2,500 ካሬ ሜትር ነው። 2,500 × 3.5 = 8,750 ሊትር በቀን። ዳሩ ግን በመንገድ የሚሰርግና የሚተን አለ። ከ10 እጅ 6ቱ ብቻ ለሥሩ ይደርሳል ብንል፣ 8,750 ÷ 0.6 = 14,583 ሊትር መልቀቅ ያስፈልጋል።

3ኛ/ ቦዩ ስንት ያመጣል?
ይህን ሳስተምር አንድ አዛውንት «ልጄ፣ የኛ ቦይ እኮ በሊትር አይናገርም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው! አብረን ወረድን። ውሃው ዘሎ በሚወርድበት ቦታ ባለ 20 ሊትር ባልዲ ደገንን፤ እኔ ሰዓት ያዝኩ። በ10 ሰከንድ ሞላ። በሰከንድ 2 ሊትር፣ በሰዓት 7,200 ሊትር መሆኑ ነው። ለሩብ ሄክታራቸው የቀኑ ውሃ በ2 ሰዓት፣ የሳምንቱ በ14 ሰዓት ይሞላል። እሳቸው ግን በየሳምንቱ ተራቸው ሲደርስ ቀንና ሌሊቱን ሙሉ ያጠጡ ነበር። 24 − 14 = 10 ሰዓት! «ለካ የታች ጎረቤቴን ወይን ያደረቅሁት እኔ ነኝ» አሉ። ከዚያ ወዲህ 10ሩን ሰዓት ለጎረቤታቸው ለቀቁ።

ማስታወሻ፦ ዝናብ ሲጥል ውሃውን ቀንሱ። ግድግዳው ቀጥ ያለ ጣሳ ማሳው ላይ አኑሩ፤ 7 ሚሊሜትር ከተጠራቀመ የ2 ቀን ውሃ ነው። ከማጠጣታችሁ በፊትም አንድ ክንድ ያህል ቆፍራችሁ አፈሩን ጨብጡት። ከረጠበና ከተድበለበለ ቆዩ፤ ከፈረሰ አጠጡ።

ጥያቄ፦ ወይኑ ገና ሲያቆጠቁጥ፣ በዚያው ማሳ ላይ በቀን ስንት ሊትር ይለቀቅ? ከጎረቤታችሁ ጋር ሆናችሁ ሥሩት። 6,250 ካገኛችሁ ልክ ናችሁ።