ማሽላን ከውስጥ የሚበላው ማነው?

(የሳይንስ ዓምድ፣ ከ7ኛ ክፍል)

በዛሬው ዓምዳችን ስለ አገዳ ቆርቁር እንማማራለን።

በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አንበጣ ወደ ራያ ሲገባ ጅራፉም፣ ቆርቆሮውም፣ ጩኸቱም አንድ ላይ ነበር። አንበጣ ሰማይ ሸፍኖ ስለሚመጣ ማንም ያየዋል። አገዳ ቆርቁር ግን ድምፅ የለውም፤ አገዳው ውስጥ ቁጭ ብሎ ነው የሚበላው። ስለዚህ ማንም አይጮህበትም። እኔ ግን ከአንበጣ ይልቅ ስለ እሱ ማወቅ ይሻላል እላለሁ፤ አንበጣ አንዳንድ ዓመት ነው የሚመጣው፣ እሱ ግን በየዓመቱ እዚሁ አለ።

ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። ጥንቅሽ ስንልጥ ነጩ መሐል ላይ ቀይ መስመር እናገኛለን አይደል? «እትፍ፣ ትል አለበት» ብለን የምንጥለው ያ ነው። ቀዩ ነገር የትሉ ደም አይደለም። ማሽላው ሲቆስል ራሱ የሚያወጣው ቀለም ነው። መስመሩን ተከትላችሁ ብትሰነጥቁት መጨረሻው ላይ ጥቁር ጥቁር ነጥብ ያለበት ነጣ ያለ ትል ታገኛላችሁ።

ትሉ የእሳት ራት ልጅ ነው። የእሳት ራቷ ማታ ማታ እየበረረች እንቁላሏን ቅጠል ላይ ትጥላለች። እንቁላሎቹ ጠፍጣፋ ሆነው እንደ ዓሣ ቅርፊት አንዱ በአንዱ ላይ ይደረደራሉ። በሳምንት ገደማ ሲፈለፈሉ ትንንሾቹ ትሎች ወደ ላይ ይወጡና የማሽላው እምብርት ውስጥ፣ ማለትም አዲሱ ቅጠል ተጠቅልሎ በሚወጣበት ቦታ ይገባሉ። እዚያ ለጋ ቅጠል እየበሉ ጥቂት ይቆያሉ። ከዚያ ነው አገዳውን በስተው የሚገቡት። ሲያድጉ ውስጥ እንዳሉ ተሸፍነው ይተኙና የእሳት ራት ሆነው በቀዳዳ ይወጣሉ።

ይህን ቅደም ተከተል በደንብ ያዙት። ትሉ እምብርት ላይ እያለ ይገኛል፣ መድኃኒትም ይደርሰዋል። አገዳ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ከላይ የሚረጭ ነገር አይነካውም።

ታዲያ እንዴት እንለየው? መጀመሪያ ቅጠሉን ተመልከቱ። ቅጠሉ ተጠቅልሎ እያለ ስለሚበሳ፣ ሲዘረጋ በመርፌ የተወጋ ይመስል ቀዳዳዎቹ በመስመር ተደርድረው ይታያሉ። ቀጥሎ የሚመጣው ምልክት የመሐል ቅጠል መድረቅ ነው። ዳር ዳሩ አረንጓዴ ሆኖ መሐሉ ብቻ ይደርቃል፤ ሳብ ስታደርጉት ያለ ትግል ይመዘዛል። አገዳው ላይ ደግሞ ክብ ቀዳዳና የመጋዝ ብናኝ የሚመስል ኩስ ታያላችሁ። አንዳንዴ ቀዳዳው አለ፣ ትሉ ግን የለም፤ የእሳት ራት ሆኖ ሄዷል ማለት ነው። ካፈራ በኋላ የተጠቃው አገዳ በነፋስ ይሰበራል ወይም ዘለላው ነጭ ሆኖ ፍሬ ሳይዝ ይቀራል።

የሚያምታቱ ሁለት አሉ። አንደኛው የማሽላ ዝንብ ነው። እሱም መሐሉን ያደርቃል፣ ግን ገና ትንሽ ቡቃያ እያለ ነው፤ የተመዘዘው ቅጠል ሥሩ በስብሶ ይሸታል። ሁለተኛው በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው የአሜሪካ መጤ ተምች ነው። ይህ ቅጠሉን በሰፊው ይቦጫጭቃል። ትሉን ያዙና ግንባሩን እዩት፤ «ሰ» ፊደልን የመሰለ ነጣ ያለ መስመር አለው፣ ጅራቱ አካባቢ ደግሞ አራት ጥቁር ነጥብ አራት ማዕዘን ሠርተው ይታያሉ። ይህ ካለው ተምች ነው።

እዚህ ላይ ከማሽላ ወጣ ብዬ ስለ ቴምር ልናገር፤ ነገሩ ይገናኛልና። ሳውዲ የቴምር እርሻ ላይ ሠርቶ የተመለሰ አጎቴ እንደነገረኝ እዚያ ግንዱን ከውስጥ የሚበላ ቀይ ጥንዚዛ አለ። ከደቡብ እስያ ተነስቶ ወደ ዓረብ አገሮች የገባ ነው። ከውጭ ዛፉ ደህና ይመስላል፤ ሠራተኞቹ ግን ግንዱ ላይ ጆሯቸውን ለጥፈው ትሉ ሲያኝክ ይሰማሉ፣ የሚፈሰውንም ፈሳሽ ያሸታሉ። ቴምርና ዘንባባ እንደ ማሽላ ባለ አንድ ክክ ናቸው። የሚያድጉትም አናታቸው ላይ ባለችው አንዲት እምብርት ነው። እሷ ከተበላች ግንዱ ቅርንጫፍ አውጥቶ አይተካም። ማሽላ እንኳ ከሥሩ ሌላ ቡቃያ ሊያወጣ ይችላል፤ ያም ቢሆን ዘግይቶ ስለሚወጣ ዝናቡ ካቆመ አይደርስም።

አሁን ወደ መከላከሉ እንሂድ። ትሉ በጋውን የት ነው የሚያሳልፈው? ብዙ ሰው ይህን አይጠይቅም። መልሱ ከቤታችን ጓሮ ነው፤ የአገዳ ክምር ውስጥ! ማሽላው ታኅሣሥ አካባቢ ተቆርጦ አገዳው ቀጥ ብሎ ይከመራል። ትሉም በደረቁ አገዳ ውስጥ ተኝቶ ይቆይና ዝናብ ሲመጣ የእሳት ራት ሆኖ ወደ አዲሱ ቡቃያ ይሄዳል። የአገራችን ተመራማሪዎች ያገኙት ዘዴ ቀላል ነው፤ አገዳውን ከመከመር በፊት መሬት ላይ በስሱ አጋድሞ አራት ሳምንት ያህል ፀሐይ ማስመታት። የተጋደመው ስለሚግልና ስለሚደርቅ ትሉ ይሞታል። ቆሞ የተከመረው ግን መሐሉ ጥላ ስለሆነ ትሉ ይተርፋል።

ይህን ለአያቴ ስነግራቸው «መሬት ላይ ካነጠፍኩት ምስጥ ይበላዋል፣ ከብቱም ይረግጠዋል» አሉኝ። ልክ ናቸው። አገዳ እኮ ለእኛ የከብት መኖ፣ ማገዶና አጥር ነው፤ ዝም ብሎ «አቃጥሉት» ማለት አይቻልም። ስለዚህ ቢያንስ ለአጥርና ለጎጆ የሚቀመጠውን ድንጋያማ ቦታ ላይ ማንጠፍ፣ መኖውን ደግሞ አስቀድሞ ማብላት ይሻላል። ግንቦት ድረስ የቆየው ለምድጃ ይሁን።

ማሳው ላይ ደግሞ ጎረቤት ከጎረቤት በአንድ ጊዜና በጊዜው መዝራት ይረዳል፤ ዘግይቶ የተዘራው ነው ይበልጥ የሚበላው። በሽልሻሎ ጊዜ መሐሉ የደረቀውን ነቅሎ ትሉን መጨፍለቅ ያስፈልጋል። የተነቀለውን ለከብት አትስጡ፤ ለጋ የማሽላ ቡቃያ ከብት እንደሚገድል የማያውቅ እረኛ የለም። የተፈጨ የኒም ፍሬ እምብርቱ ላይ ጣል የሚያደርጉም አሉ። የኬሚካል መድኃኒት ከሆነ ግን የልማት ጣቢያ ሠራተኛውን መጠየቅ ነው፤ እኛ ተማሪዎች አንነካውም።

ኬንያ ውስጥ ደግሞ ማሳው ዙሪያ የዝሆን ሣር፣ በማሽላው መሐል ዴስሞዲየም የሚባል መኖ ይዘራሉ። ዴስሞዲየም በሽታው የእሳት ራቷን ያባርራታል፣ የዝሆን ሣሩ ይስባታል። ሣሩ ላይ የተፈለፈሉት ትሎችም አብዛኞቹ ያልቃሉ፤ ሊበሱት ሲሞክሩ ሙጫ የመሰለ ፈሳሽ ያወጣባቸዋል። ዴስሞዲየም አቀንጭራንም ይከላከላል። አቀንጭራ አረም እንጂ ነፍሳት ስላልሆነ በሚቀጥለው እትም ለብቻው እጽፍበታለሁ።